በብረት ክዳን ላይ የተሳለ ክብ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጦር መርከብ ሆድ ውስጥ ሲሠራ ባልደረቦቹ «ሻማ» ይሉት ነበር፤ መርከቡ ጡረታ ወጥቶ ሙዚየም ሲሆንና እሱ ጠባቂም አስጎብኚም ሆኖ ሲቀር፣ ቅጽል ስሙም አብሮት ቀረ። ስሙ የወጣው ለቀልድ ነው። ሌላው መርከበኛ በደረት ኪሱ የወዳጁን ፎቶግራፍ ይዞ ሲዞር፣ እሱ የሚይዘው ቁራጭ ሻማና የሲባጎ ጥቅል ነበር። «ይኼ ሰውዬ ሻማ ሊያገባ ነው መሰለኝ» ይሉታል። የሚስቁበት ሰዎች ግን የታሸገ ክፍል ግቡ በተባሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጦር መርከብ ከታች ሲታይ አንድ ትልቅ ቤት አይደለም፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ የታሸጉ የብረት ሣጥኖች ክምር ነው። አንዱ ተመትቶ ውኃ ቢሞላ ሌሎቹ መርከቡን እንዲያንሳፍፉት ታስቦ ነው እንዲያ የተሠራው። ከሣጥኖቹ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፤ ወሩ ሙሉ፣ ዓመቱ ሙሉ ማንም አይከፍታቸውም። ባዶ ይባሉ እንጂ ባዶ አይደሉም። ከሥራቸው ጥቂት የባሕር ውኃ አይጠፋም፣ ውኃ ባለበት ብረት ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ አየር ይበላል። ሰውን የሚያኖረውን አየር ቀስ ብሎ በልቶ ይጨርሰዋል። የሚተርፈው አየር ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስል፣ ጉሮሮ አያቃጥል። ሰው መሰላሉን ይወርዳል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይኼኛው አያስቅም፣ አያስለቅስም፣ ዝም ብሎ ነው የሚወስደው።

ሻማ ታዲያ ሕግ ነበረው። ክዳኑ ይከፈትና አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ክፍት ሆኖ ያድራል። በማግስቱ ሻማው በርቶ፣ በሲባጎ ታስሮ እስከ ታችኛው ወለል ይወርዳል። ነበልባሉ ሳይጠፋ ከተመለሰ ክዳኑ ላይ በጠመኔ ክብ ይሳላል። ክብ ካለ ክፍሉ ታይቷል፣ ግባ ማለት ነው። ክዳኑ ተመልሶ ሲዘጋ ክቡ ይደመሰሳል። አዲስ ገቢዎቹን «ሲዘጋ ይደመሰሳል» እያለ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ያስደግማቸው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት የባሕር ኑሮና በዘጠኝ ዓመት የሙዚየም ሥራ ያ ክብ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም።

ቤተሰብ ያልመሠረተው በባሕሩ ምክንያት ነው፤ ወይም ሰበብ ፈልጎ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እሱም አጥርቶ አያውቅም። የሚኖረው በታናሽ ወንድሙ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነበር። ወንድሙን ያሳደገው እሱ ነው። አባታቸው ሲሞት ትንሹ ሰባት ዓመቱ፣ ትልቁ አሥራ ስድስት ነበርና፣ ጫማ ማሰር ያስተማረውም፣ ሲያጠፋ በኩርኩም ያለውም፣ ኋላም በመርከቡ ላይ ቀለም ቀቢ አድርጎ ያስቀጠረው ሻማ ነው። የወንድሙ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮት ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል። ሻማ ክብ የሚስልበት ጠመኔ እንኳ ከእሷ ጠረጴዛ የሚወሰድ ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ ሰማያዊ፣ ጨርቅ ላይ የሚሰመርበት። ሊያልቅ ሲል «ጋሼ፣ እኔ ልብስ ልስፋ ወይስ ለመርከብዎ ጠመኔ ላምርት?» ትለዋለች፤ ግን ሁልጊዜ አዲሱን ትሰጠዋለች።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ስድስት ዓመቷ እያለ «አልጋዬ ሥር የሆነ ነገር አለ» ብላ እንቅልፍ እምቢ አለች። አባቷ ምክር አላበዛም። የወንድሙን ሻማ ተበደረ፣ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አየ፣ ሻማው እንዳልጠፋ አሳያት፣ ከዚያ የክፍሏ በር ላይ ሰማያዊ ክብ ሳለ። «ታይቷል፤ ግቢ» አላት። ልጅቷ ገብታ ተኛች። ክቡ ሲደበዝዝ አባቷ እንደገና ይስለዋል፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ፍርሃቱ ቀርቶ ቀልድ ከሆነ በኋላም አልተወውም።

ሙዚየሙ ውስጥ፣ ከመሰላሉ በስተግራ ባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ በመስታወት ሣጥን የተቀመጡ ትናንሽ የመርከብ አምሳያዎች አሉ። ሻማ ጎብኚ የሚያስገባው በዚያ በኩል ነው። የመጀመሪያው መርከብ በመቅዘፊያ የሚሄድ ነው፤ አፍንጫው ላይ የጠላትን ጎን የሚበሳ ነሐስ ተሰክቶበታል። ሁለተኛው ሸራ የተሸከመ፣ በሁለት ጎኑ መድፍ የደረደረ ነው። ሦስተኛው በእንፋሎት የሚሄድ፣ ብረት የለበሰ፤ አራተኛው ጎብኚው የቆመበት ግራጫው የጦር መርከብ ራሱ ነው። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን የአዛዥና የድል ታሪክ ይደረድር ነበር። ሻማ ግን ሁልጊዜ ጣቱን ወደ ታች ይቀስራል።

«እዚህ ታች፣ እነዚህ አግዳሚዎች ላይ፣ ቀዛፊዎቹ ተቀምጠዋል» ይላል። «መርከቡ የትኛውን መርከብ እንደመታ አያዩም። ድምፁን ነው የሚሰሙት። የራሳቸው ከተመታም የሚያውቁት ውኃው እግራቸው ሲደርስ ነው። በሸራው ዘመን ደግሞ ታች ያሉት ባሩድ አቀባዮቹ ናቸው። በእንፋሎቱ ዘመን ከሰል አቃጣዮቹ። በእኛ ዘመን እኛ። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ መርከቡ ተለወጠ እንጂ ታች ያለው ሰው አልተለወጠም። ሐውልት የሚሠራው ላይ ለቆመው ነው። ታች ያለው የሚያምነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ረስቶት እንደማይዘጋበት።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ይወዳት ነበር። ብዙ ዓመት ደጋግሟታል። ሰው በገዛ አፉ የራሱን ፍርድ ሲያነብ እንደማይሰማው ያየሁት በእሱ ነው።

ከመርከቡ ፊት፣ የመልህቁ ሰንሰለት ከሚጠቀለልበት ክፍል ሥር፣ አንድ ባዶ ሣጥን አለ። ስምንት እርከን ያለው መሰላል ይወርድበታል። በዚያ ዓመት ውኃ ማስገባት ጀምሮ ነበርና ሻማ ከፈተው፣ አሳደረው፣ ሻማውን አብርቶ አወረደ፣ ክብ ሳለ። ከወንድሙ ጋር ገብተው ውኃ የሚንጠባጠብበትን የብረት መገጣጠሚያ አዩ፤ ይፋቅና ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ ተባባሉ። ቀለሙ አልነበረም፤ ታዘዘ። እነሱ ወጥተው ወንድምየው መሣሪያ ሊመልስ እንደሄደ፣ ትኬት ቆራጩ ከላይ ተጣራ። ያልተጠበቁ አርባ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ደጅ ላይ ናቸው። ሻማ የከፈተውን ጉድጓድ አየ፣ የሕፃናቱን ሩጫ ሰማ፣ አንዱ ዘው ቢልስ ብሎ ደነገጠ። ክዳኑን መልሶ ከደነ፣ አራቱን መቀርቀሪያ አጠበቀና ወደ ላይ ሮጠ።

ክቡን አልደመሰሰም።

ቀለሙ ሁለት ወር ዘገየ። ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ፣ ራት ላይ፣ ሻማ ለወንድሙ «የፊቱን ክፍል እኔ አሰናዳልሃለሁ» አለው። ወንድምየውም አደራውን ተቀብሎ እንጀራውን ጠቀለለ። ጠዋት ግን ሻማ ጉልበቱን አሞት ተኝቶ አረፈደ፤ መርከቡ ጋ ሲደርስ ጎብኚዎች ተሰልፈው ጠበቁት፤ ያለው ነገር ከአእምሮው ወጣ። ሰው ምን ያህል ትንሽ ነገር ይረሳል። በማግስቱ ወንድምየው ቀለሙን ተቀበለ፣ ብሩሹንና የእጅ ባትሪውን ይዞ ወረደ፣ ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ክብ አየ። ወንድሙ እንዳለው አሰናድቶለታል። ለጎብኚ ደኅንነት ብሎ ነው ለጊዜው የከደነው ብሎ አሰበ። መቀርቀሪያዎቹን ፈታና ወረደ።

ሻማ አምሳያዎቹን አስጎብኝቶ ሲጨርስ የቀለም ሽታ ፈለገ። የለም። ወደ ፊቱ ክፍል ወረደ፣ ክዳኑ ተከፍቶ አየ። ጎንበስ ብሎ ተጣራ። የእጅ ባትሪው ታች ወድቆ እየበራ ነው፤ ብርሃኑ ያረፈው በወንድሙ ጫማ ሶል ላይ ነው። ያልተከፈተው የቀለም ቆርቆሮ አጠገቡ ቆሟል።

ትኬት ቆራጩ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፤ ጠንካራ፣ ደግ ሰው ነው፤ ወዲያው እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ። ሻማ ቀበቶውን ጨምድዶ ጎተተው።

«ልቀቀኝ እንጂ! ወንድምህ እኮ ነው!»

«ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። ከወረድክ ሁለት ትሆናላችሁ።»

ከኪሱ ሻማውን አውጥቶ ለኮሰ፣ በሲባጎ አወረደው። ሦስተኛው እርከን ላይ ነበልባሉ አነሰ፣ አራተኛው ላይ ጠፋ። ትኬት ቆራጩ ይህን አይቶ እግሩን አነሳ። «ማራገቢያውን ከሞተር ክፍሉ አምጣ፤ ቱቦውንም። የእሳት አደጋ ሰዎችን ጥራ» አለው ሻማ። ሰውየው ሮጠ።

ሻማ ብቻውን ቀረ። ወንድሙ ከእሱ ስምንት እርከን ነው የራቀው፤ የአንድ አልጋ ርዝመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ጫማውን አየ፤ የቀኙ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፣ ልጅ ሳለ እንዳስተማረው። ለመውረድ ልቡ ተነሳ፣ የሚያውቀው ነገር ያዘው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያዳነበት እውቀት፣ ዛሬ ቆሞ እንዲያይ ብቻ ጠቀመው። ዓይኑን ሲያነሳ ነው ክዳኑን ያየው። ክቡ፣ የራሱ እጅ የሳለው፣ ምንም ሳይደበዝዝ እዚያ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው፤ ሕፃናቱ፣ ሩጫው፣ የዚያ ማታው ራት። ከዚያ የሆነውን ሻማ አስቦበት አላደረገውም ብንል አንዋሽም። የግራ እጁ ራሱ ተነሳ፣ ግራጫውን የሙዚየም ኮት እጅጌ ክዳኑ ላይ አሸ፣ አሸ፣ ክቡ ጠፋ።

ማራገቢያው አርባ ደቂቃ ነፋ። ወንድምየውን ሲያወጡት ቀዝቅዞ ነበር።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ለምርመራ መጡ። ጥያቄያቸው ብዙ አልነበረም። «ክዳኑ ላይ የመፈተሻ ምልክት ነበረ?» አሉት። ሻማ ወለሉን እያየ «አልነበረም» አለ። ሰዎቹ ጻፉ። ሟች ክፍሉ ሳይፈተሽ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በራሱ ግዴለሽነት ገባ የሚል ወረቀት ሆነ። የሙዚየሙ ኃላፊ ደግሞ ለሌላው መማሪያ ይሁን ብሎ ያንኑ ቃል በሰሌዳ አስጽፎ ክዳኑ አጠገብ ሰቀለው፤ ሻማንም በጉብኝቱ ውስጥ እንዲተርከው አዘዘው። «አንተ ስትናገረው ይሰማል» አለው።

ስለዚህ ሻማ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴ አራት ጊዜ፣ እዚያ ቆሞ ወንድሙን ግዴለሽ ይል ጀመር። ሙት ወቃሽ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ያውም ያሳደገውን ሙት። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር፤ ጎብኚዎች ሐዘን ነው ብለው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። በኋላ ለመደው። የለመደ ዕለት ነው ከሁሉም ይልቅ የጠላው ራሱን። ማታ ቤት ይገባል፣ የወንድሙ ሚስት ራት ታቀርባለች፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እሱ ምላሱን ውጦ ይበላል። አንዳንድ ማታ ቀና ሲል ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ይዛ ስታየው ያገኛታል። «ይጨመርልዎ?» ትለዋለች።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ጎብኚዎች ይዞ ወረደ። አምሳያዎቹን አሳየ፣ ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ፣ ታች ያለው ሰው ከላይ ያለው እንደማይረሳው ብቻ ነው የሚያምነው የምትለዋን ግን ዘለላት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ክዳኑ ጋ ደረሱ። ሰሌዳውን እያመለከተ ጀመረ።

«ባለፈው ዓመት አንድ ቀለም ቀቢ የክፍሉን አየር ሳያስፈትሽ...»

«ክዳኑ ላይ ምልክት አልነበረም ወይ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ድምፁን አወቀው። ሰዎቹ ዘወር ሲሉ ልብስ ሰፊዋ በጥቁር ነጠላዋ፣ የቆረጠችውን ትኬት እንደያዘች ቆማለች። ባሏ እዚህ ከሞተ ወዲህ መርከቡን ረግጣው አታውቅም።

ሻማ አፉን ከፈተ። «አልነበረም» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፤ ዓመት ሙሉ ለምዳዋለች። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እንደ ማንኛውም ጎብኚ መልስ ትጠብቃለች።

«ነበረ» አለ። «ክብ ነበረ። የሳልኩት እኔ ነኝ። ስዘጋው መደምሰስ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። እሱ ክቡን አምኖ ገባ። ግዴለሽ አልነበረም። በሕይወቱ ግዴለሽ ሆኖ አያውቅም።»

«ኋላስ ማን ደመሰሰው?»

«እኔ።»

«በግራ እጅጌዎ» አለች። «አውቃለሁ። በልቅሶው ማግስት ኮትዎን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጠመኔው የእኔ ነው፤ ጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚይዝ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። ዓመት ሙሉ ራት ባቀረብኩ ቁጥር ዛሬ ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል አልኩ። እኔ ከአፍዎ ላውጣው አልፈለግሁም፤ የወንድምዎ ነገር ነው፣ ራስዎ ያምጡት ብዬ። ሐሙስ ግን የልጅቷ ክፍል ተማሪዎች ለጉብኝት ይመጣሉ። እዚህ ቆመው ምን ሊሏት ነበር?»

ከጎብኚዎቹ የሚበዙት የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ነበር፤ አንዱ ፎቶ አነሳ። ቆይቶ ገባቸውና አንድ በአንድ ወደ መሰላሉ አፈገፈጉ። ሴትዮዋ ክዳኑን አየችው፣ ጎንበስ ብላ ብረቱን በመዳፏ ነካች፣ ከዚያ ከሰዎቹ ጋር ወጣች።

ሻማ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዶ መርማሪዎቹ የጻፉት ወረቀት ሐሰት ነው አለ። ኃላፊው ሰማው፣ በሩን ዘጋ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ይኼ ለማን ይጠቅማል? የሞተ አይመለስ። አንተን ደግሞ እስር ቤት ሊያስገባህ ይችላል።»

«ስሙ ይመለሳል» አለ ሻማ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

በዚያው ዕለት ጻፈ፣ ፈረመ፣ የመርከቡን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰሌዳውን ለማንም ሳይነግር በራሱ መፍቻ አውርዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። ኮቱን አውልቆ ሊተው አሰበና መልሶ ለበሰው፤ በዚህ ኮት ነው መናገር ያለብኝ ብሎ።

ቤት ሲደርስ ገና ፀሐይ ነበረች። የስፌት መኪናው ቆሟል፤ ልብስ ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ዘርግታለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምነው በጊዜ መጣህ?» አለችው። «ደግሞ ሐሙስ አንተ ራስህ ነህ አይደል የምታስጎበኘን? ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሻማ እናቷን አየ። እናትየው ፊቷን አላዞረችም፤ አላገዘችውምም። ወንበር ስቦ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከየት እንደሚጀምር አልጠፋበትም፤ ከሻማው ጀመረ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ እንዴት እንደሚያድር፣ ሲባጎው እንዴት እንደሚወርድ። ልጅቷ ይህን ከልጅነቷ የምታውቀው ነውና ምነው ጋሼ ብላ ፈገግ አለች። የሕፃናቱ ወሬ ላይ ሲደርስ ፈገግታው ቀረ። ራት ላይ ያለውን ነገራት፣ የረሳውን ነገራት፣ እጅጌውን ዘርግቶ ያሸበትን አሳያት። አላሳጠረውም። ይቅር በይኝ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው፤ ለዚህ ይቅርታ መለመን ራሱ ሌላ ነገር ከእሷ መውሰድ መሰለው።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አንዴም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ መጽሐፏን ዘጋች፣ ተነሳች፣ ወደ ክፍሏ ሄደች። በሯ ላይ አባቷ ከመሞቱ በፊት የሳለው ሰማያዊ ክብ ነበር፤ ያን ሁሉ ወር ማንም እንዳይነካው በጎን በኩል እየገፋች ነበር በሩን የምትከፍተው። ፊቱ ቆመች። እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎትታ ክቡን አሸችው፣ ምንም እስከማይቀር ድረስ። ከዚያ ገባችና በሩን ዘጋችው።